ወታደር ወደ ኋላ አይልም

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኒቆዲሞስ በዛብህ
ዱባይ

ለጤናህ እንዴት ሰንብተሃል? ሥራው፣ አገሩ፣ ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይግባውና አለን። አባባም ጉልበቱን ትንሽ ይዞታል እንጂ ደህና ነው። ሰላምታዬ እዚህ ላይ አለቀ፤ ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ነው፣ ተዘጋጅ።

ስልኬ ለምን አይነሳም ብለህ ይሆናል። አግጄህ ነው። በስልክ ሁሌ አንተ ነህ የምታሸንፈው፤ ሥራህ ማውራት ነዋ! «እትዬ፣ አንዴ ስሚኝማ» ብለህ ትጀምርና መጨረሻ ላይ የተበደልኩት እኔ ይቅርታ ጠይቄህ እዘጋለሁ። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም። የምትለው ካለህ አንተም ጻፍ። የሱቃችን ባለቤት ሃሊሞ ጨርቅ ለማምጣት በየጊዜው ዱባይ ትመላለስ የለ? እሷ ታደርሳለች፣ እሷ ታመጣለች።

ነገሩ የቪዲዮህ ነገር ነው። «የአባቴ የአመራር ትምህርቶች» ያልከው። ስንት ሰው እንዳየው አንተ ታውቃለህ። እኔ የማውቀው ካዩት አንዷ እትዬ በለጠች መሆናቸውን ነው። የልጅ ልጃቸው ነው «የጋሽ በዛብህ ልጅ ታዋቂ ሆነ፣ እይው» ብሎ የከፈተላቸው።

በዚያ ባማረ ኮትህ ቆመህ እንዲህ ትላለህ፦ «አባቴ ሻምበል በዛብህ አንድም ቀን አላፈገፈገም። ከጦር ሜዳ አንድም ሰው ጥሎ አልመጣም። ‹ወታደር ወደ ኋላ አይልም!› እያለ ነው ያሳደገን።» ሰዉም ያጨበጭባል።

ባለፈው እሑድ እትዬ በለጠች ከቅዳሴ ስንወጣ በር ላይ ጠበቁኝ። ሳይስሙኝ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ «አባትሽ አንድም ሰው ጥሎ ካልመጣ ወንድሜ ክፍሉ የት አለ? ገበያ ልኮት ነው እስከ ዛሬ የቀረው?» አሉኝ።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። «እትዬ፣ አባባ ይህን ወሬ አያውቀውም፤ ልጁ ነው ከራሱ ያወራው» አልኳቸው። «ልጅ ከቤቱ የሰማውን ነው የሚያወራው» አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አንተ ያኔ አልተወለድክም፣ ስለዚህ ልንገርህ። አባባ ከእስር ተፈትቶ ድሬ የገባ ዕለት እናታችንን እንኳ በቅጡ ሳይስም ቀጥ ብሎ የሄደው እነ እትዬ በለጠች ቤት ነው። እናታቸው እግር ሥር ወድቆ «ክፍሉን ነፍሱ ሳትወጣ ትቼው ነው የመጣሁት» አለ። ሌላው የጦር ጓደኛ ሁሉ ሲመጣ «ወዲያው ነው ያረፈው፣ አልተሰቃየም» ነው የሚለው። እሱ አላለም። አሮጊቷ እስኪሞቱ አላናገሩትም። እትዬ በለጠች ግን ይቅር አሉት። ለምን ይቅር እንዳሉት አንድ ቀን ጠይቄያቸው «ስላልዋሸኝ ነው» ብለውኛል። ከዚያ ወዲህ ኅዳር ሚካኤል የክፍሉን ዝክር ሲያወጡ መጀመሪያ የሚጠሩት አባባን ነው። አባባ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን ቢኖረው ያ ቀን ነው።

አንተ ያንን ነው በሁለት ደቂቃ ወሬ የናድከው። እትዬ በለጠች አሁን የሚያስቡት አባባ ሽማግሌ ሲሆን ታሪኩን ቀየረ ብለው ነው።

ቪዲዮውን አውርድ። በዚያው አፍህ ደግሞ እውነቱን ተናገር። ሚካኤል ሳይደርስ አድርገው። አባባ እስካሁን አልሰማም፤ ከእኔም አይሰማም።

ማስተዋሉን ይስጥህ።
እህትህ እፀገነት


ዱባይ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምወድሽ እህቴ ለእፀገነት

ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንዴት ሰነበትሽልኝ? የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። እኔ በአምላክ ቸርነትና በእናንተ ጸሎት በጣም ደህና ነኝ። ሃሊሞ ደብዳቤሽን እኔ ያለሁበት ዴራ ሰፈር ድረስ አምጥታ ስትሰጠኝ የእጅ ጽሕፈትሽን አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ከፍቼ ሳነበው ግን ጆሮዬን የተያዝኩ መሰለኝ። አንቺ እኮ ሥልሳ ዓመት ቢሞላኝም መቆንጠጥሽን አትተዪም!

እትዬ፣ ንግግርና ምስክርነት ይለያያል። እኔ ፍርድ ቤት ቀርቤ ቃል አልሰጠሁም። ፊቴ የሚቀመጠው ሰው ሥራ የከሰረበት፣ ትዳር የፈረሰበት፣ ተስፋ የቆረጠ ነው። ይህን ሰው «አባቴ ሃምሳ አለቃ ነበር፣ አንዳንዴ ይይዝ አንዳንዴ ይለቅ ነበር» ብዬ አላስነሳውም። ሻምበል ያልኩትም ለንግግሩ ሞገስ ነው፤ ሰማይ አልተደረመሰም። አባባን አዋረድኩት እንዴ? ለከተማው ሁሉ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ነበር፤ አሁን በየአገሩ ያሉ ወጣቶች በስሙ ይምላሉ። ይህ ካስቆጣሽ ቁጣሽ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከራስሽ ጋር ይመስለኛል።

አሁን የምሥራቹን ስሚ። ታኅሣሥ 17 ሰዉ ለቁልቢ ገብርኤል ሲሰበሰብ ድሬ ላይ ትልቅ ሥልጠና አዘጋጅቻለሁ። ርእሱ «ወደ ኋላ የማይለው ሻምበል» ነው። እኔ የመኖሪያ ፈቃዴ እየታደሰ ስለሆነ መውጣት አልችልም፤ በስክሪን እገባለሁ። አባባ ግን መድረኩ ላይ ይቀመጣል፣ ካባ ይለብሳል። የወታደር ልብስ ለብሶ የተነሳው ፎቶ መኖር አለበትና በስልክ አንስተሽ ላኪልኝ። ኒሻን ካለውም አጥበሽ አዘጋጂው።

እትዬ በለጠችንም ሰላም በይልኝ። አይዞሽ፣ የፊት ወንበር አስይዝላቸዋለሁ።

ጤናና ፍቅር ከቤታችን አይጥፋ።
ታናሽሽ ኒቆዲሞስ


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኒቆዲሞስ

ደህና ነህ ወይ? እኛ ደህና አይደለንም።

የፊት ወንበር! ይህን ስትጽፍ አላፈርክም? ወንድማቸውን ከነስሙ ያጠፋህባቸውን ሴት ወንበር ልትሰጣቸው?

ከትናንት ወዲያ ሚካኤል ነበር። አባባ ጠዋት ተላጨ። ያንን ሰማያዊ ኮቱን ለበሰ፣ ጫማውን ራሱ ቀባ፣ በራችን ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። ሁሌ የእትዬ በለጠች የልጅ ልጅ ነው ከሳቢያን መጥቶ «ጋሼ፣ ና ተብለሃል» የሚለው። ጥላው ከበሩ እስኪሸሽ ተቀመጠ። ምሳ አልበላም፤ ዝክር ላይ እበላለሁ ብሎ። ከሰዓት በኋላ «ዘንድሮ አላወጡ ይሆን?» አለኝ። እኔ በበራቸው ሳልፍ ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ አይቻለሁ። «ሳያወጡ ቀርተው ይሆናል፣ ኑሮው ተወዷል» ብዬ ዋሸሁት። ኮቱን አወለቀና ራሱ ሰቀለው። ያን ጊዜ አጠገቤ ብትሆን በጥፊ እልህ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ኒሻን ብለሃል። ኒሻን የለም። የነበረውን የሃምሳ አለቃ ማዕረግ እንኳ ከትከሻው ላይ ቆርጠው ነው የወሰዱበት። ሰው «ሃምሳ አለቃ» የሚለው በድሮው አፉ ነው። ለምን እንደተገፈፈ እኔም በደንብ የሰማሁት አሁን ነው። ከሱቃችን ጎን ሰዓት የሚጠግነውን ጋሽ አብዲራሺድን ታስታውሰዋለህ፣ ያ የሚያነክሰውን። ታይዋን ገበያ ግርግሩ ጋብ ሲል ቪዲዮህን አሳይቼው ይህ ነገር እንዴት ነው አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ሳቀ፤ ከዚያ ተናደደ።

«አቦ አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ» አለኝ። «እዛ ጋራ ላይ ውሃ የለም፣ ጥይት የለም። መቶ አለቃው ሞቷል። ሬዲዮው ‹ያዙ፣ ያዙ› ይላል፤ ምኑን ነው የምንይዘው? ድንጋዩን? ሁላችንም ያባትሽን አፍ እናያለን። አንዳችንም ‹እንሂድ› አንልም። ያለው ሰው ይረሸናላ! ያኔ በዛብህ ምን አለ? ‹ወታደር ወደ ኋላ አይልም፤ አለቃ ነው የሚለው› አለ። አለና ተነስቶ ‹ወደ ኋላ!› ብሎ ጮኸ። ገባሽ? ቃሉን እሱ ወሰደው። ኋላ ሲመረምሩን ሁላችንም ‹አዝዞን ሄድን› አልን፤ እሱም ‹አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት› አለ። እኛ ወደ ቤት፣ እሱ ወደ እስር።»

ስለ ክፍሉም ጠየቅኩት። መነጽሩን መልሶ አደረገው።

«እኔ የተመታሁት እግሬን ነበር፣ ክፍሉ ሆዱን ነበር። ያባትሽ ጀርባ አንድ ነው። እሱን አየው፣ እኔን አየኝ። እኔን አነሳኝ። ወላሂ፣ ለምን እኔን ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ምን ብሎ ይመልስልኛል?»

እንግዲህ ስማ አንተ አሠልጣኝ። አባባ «ወደ ኋላ አይልም» ሲል ሰው አይሸሽም ማለቱ አልነበረም። ያንን ቃል ተራው ወታደር ከአፉ አያወጣውም፣ አውጥቶም ዕዳውን የሚቀበለው አለቃው ነው ማለቱ ነው። አንተ ግማሹን ይዘህ ሮጥክ። በዚያች ግማሽ ዓረፍተ ነገር ስንት አገር ዞርክ! ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ያንተ ግን እየዋለ እያደረ እኛ ላይ ከበደ።

ቪዲዮውን አውርድ። ሥልጠናውን ሰርዝ። ሌላ የምለው የለኝም።

እፀገነት


ዱባይ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእፀገነት

እንደምን ከረማችሁ? ለመመለስ የዘገየሁት ሃሊሞን አጥቼ አይደለም። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄ ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልቆጣ፤ ተራዬ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገራችሁኝም? የከተማው ሰዓት ጠጋኝ የሚያውቀውን እኔ ልጁ እንዳላውቅ ያደረገኝ ማነው?

የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሆኜ ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ እነ ግሩም ተሰብስበው ደብድበውኝ በባዶ እግሬ ቤት የገባሁ ቀን ትዝ ይልሻል? አንቺ እያለቀስሽ ፊቴን ልታጥቢኝ ውሃ አመጣሽ። አባባ ውሃውን ከእጅሽ ተቀበለና መሬት አስቀመጠው። «ወታደር ወደ ኋላ አይልም» አለኝ። ክንዴን ይዞ አስወጣኝና በሩን ዘጋው። ሄጄ እንደገና ተደበደብኩ፤ ጫማዬን ግን ይዤ ተመለስኩ። ያን ዕለት «አለቃ ነው የሚለው» የሚለውን ቀሪውን ማን ነገረኝ? ማንም! በር ተዘግቶ ውጭ ለቆመ ልጅ የተሰጠው ግማሹ ነው።

በዚያ ግማሽ ነው ዱባይ የገባሁት። ዴራ ውስጥ አንድ ክፍል ለአሥር ተጠቅጥቀን ስናድር፣ በበጋ ፀሐይ ሳጥን ስሸከም፣ አሠሪው ፊቴ ላይ ወረቀት ሲወረውር፣ ስንት ጊዜ የመመለሻ ቲኬት አማረኝ። ያቆመኝ ያ ቃል ነው። ጓደኞቼ ያለቀሱ ማታ እሱን ነበር የምነግራቸው፤ ሥልጠናውም የተጀመረው ከዚያ ነው። አሁን ተነስተሽ «ቃሉ እንዲያ አልነበረም» ትይኛለሽ። እሺ፣ እኔ በምን ነው የቆምኩት ታዲያ? በውሸት?

ደግሞ እውነት እውነት ትያለሽ። ለአባባ ራሱ እኮ አልነገርሽውም! በር ላይ ኮት ለብሶ ሲጠብቅ አጠገቡ ቆመሽ «ኑሮው ተወዷል» አልሽው። እኔ ለማላውቀው ሰው ነው የዋሸሁት፣ አንቺ በዓይኑ እያየሽው።

ማስታወቂያው ታትሞ ወጥቷል። አዳራሹ ተይዟል። አሁን ብሰርዝ ስለ አለመሸነፍ የሚሰማኝ አንድ ሰው አይኖርም። ስለዚህ ፎቶውም ኒሻኑም ይቅር። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ፤ ሰማያዊ ኮቱን አልብሰሽ አዳራሹ አድርሺው። መናገር የለበትም። ዝም ብሎ ይቀመጥ። ሌላውን እኔ እወጣዋለሁ። ወደ ኋላ አልልም።

አምላክ ያስታርቀን።
ኒቆዲሞስ


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኒቆዲሞስ

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህን የሚያደርስልህ የሃሊሞ የእህት ልጅ ሙስአብ ነው፤ ነገ ይበራል።

ስለ በሩ የጻፍከውን ሳነብ አለቀስኩ፤ ያን ውሃ አልረሳሁትም። ለአባባ አልነገርሽውም ያልከውም ልክ ነህ፣ እሳት ሆኖ አቃጠለኝ። አሁን ግን የሚደበቅ ነገር አልቀረም። ማስታወቂያህ ለገሀሬ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከርሟል። እዚህ አገር አባባን አንቱ ብሎ የሚጠራው ሰው የለም፤ ድሬ ነው። ትናንት ግን የባጃጅ ልጆች «ክቡር ሻምበል፣ ይግቡ ይግቡ!» እያሉ ሲስቁበት ሰማ። ግድግዳው ጋ ሄዶ አነበበ።

ቤት ገብቶ «ሻምበሉ ማነው?» አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። ቪዲዮውን፣ እትዬ በለጠች በር ላይ ያሉኝን፣ ሚካኤልን፣ ሁሉንም። ተቆጥቶ ስልኩን የሚወረውረው መስሎኝ ነበር። አሳዪኝ አለ። እስከ መጨረሻው አየ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኮቱ ያምርበታል» አለ። እኔ እንባዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ማታ የአንተን ደብዳቤ አነበብኩለት፣ ስለ በሩ የጻፍከውን። ሁለተኛ አንብቢው አለኝ። «ግማሹን ነው የያዘው» አለ በመጨረሻ፣ «ግማሹን የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ዛሬ ጠዋት ሥልጠናው በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀኝ። ኮቱንም አስተኮሰኝ። ለምን ስለው «አንቺ ተኩሺ» ነው ያለኝ። ይመጣል አይመጣም አልልህም፤ ለእኔም አልነገረኝም። እኔ ግን አላደርሰውም። ይህን እወቅ።

ቸር ያሰማን።
እፀገነት


ዱባይ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

እፀገነት፣

ሰላምታ የለኝም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እኔን በስክሪን ሰቅለውኛል፤ ከእኔ ሥር ያ ወንበር አለ፣ ካባው መደገፊያው ላይ ተጣጥፎ። «አሁን ይገባል፣ አሁን ይገባል» እያልኩ ያለኝን ወሬ ሁሉ ጨረስኩ። አንዱ ከኋላ ተነስቶ «ሻምበሉ ወደ ኋላ አሉ እንዴ?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ስልኩን አውጥቶ ባዶውን ወንበር ይቀርጻል። ዛሬ ከእኔ ቪዲዮ ይልቅ የወንበሩን ያየው ይበልጣል!

ኮቱን ተኮስኩለት ብለሽ ጻፍሽልኝ! አምኜሽ ነበር። የት ደበቅሽው? አሥር ዓመት የገነባሁትን ነው ያፈረስሽው። ደስ ይበልሽ።

ኒቆዲሞስ


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኒቆዲሞስ በዛብህ

ለጤናህ እንደምን አለህ? አንተ ሰላምታ የለኝም ብትልም እኔ አለኝ። አባባም ደህና ነው፤ ትከሻው አብጦ ነበር፣ አሁን ጎድሎለታል። ትከሻው ለምን እንዳበጠ ነው የምነግርህ።

አልደበቅኩትም። የሆነውን እንዳየሁት ስማ።

የዚያን ዕለት ከምሳ በኋላ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ጋሽ አብዲራሺድ ሱቁን ዘግቶ በባጃጅ መጥቶ በር ላይ ይጠብቀዋል። አዳራሽ የሚሄዱ መስሎኝ ደሜ ፈላ፤ ቢሆንም ብቻውን አልተወውም ብዬ ከኋላ ገባሁ። ባጃጁ ደቻቱ ድልድይ ጋ ሲደርስ አባባ «አቁም» አለ። ወረደና በዚያ ጉልበቱ ደረቁን ወንዝ ገባ። ድንጋይ ያገላብጥ ጀመር። አንዱን አንስቶ ይጥላል፣ ሌላውን ያነሳል። በመጨረሻ አንዱን መርጦ አቅፎት ወጣ።

«ወርያ በዛብህ!» ጋሽ አብዲራሺድ ይጮኻል። «ትንሹን አንሳ! ዕድሜህን አታውቅም?»

«ትንሹማ ምን ያደርግልኛል» አለው አባባ።

የባጃጁ ልጅ ደግሞ ዞር ብሎ አየና «ጋሼ፣ ዕቃ ካለ ሒሳቡ ይለያል» አይል መሰለህ! በዚያ ሰዓት እንኳ ሳቅ አመለጠኝ። ድንጋዩን ጭኑ ላይ አድርጎ ሳቢያን ድረስ ሄድን። እትዬ በለጠች ሰፈር መግቢያ ላይ ወረደና ድንጋዩን ትከሻው ላይ አወጣው። እኔ ልደግፈው ስል በዓይኑ መለሰኝ። ጋሽ አብዲራሺድ እያነከሰ ከፊት፣ አባባ አንገቱን ደፍቶ ከኋላ። ጎረቤት ሁሉ በር በሩ ላይ ወጣ። ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ ይቅርታ ፍለጋ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ማን ምን እንደበደለ ነው ሰዉ ያላወቀው።

ጋሽ አብዲራሺድ አንኳኳ። እትዬ በለጠች ራሳቸው ከፈቱ። አዩት። እንደ ወጉ ቢሆን ወዲያው «አውርድ» ይባላል። አላሉም፤ ቆመው አዩት።

«ለክፍሉ ከሆነ እሱን ድሮ ጨርሰናል» አሉ።

«ለክፍሉ ድንጋይ አይበቃውም» አለ አባባ፣ አንገቱን እንደደፋ። «ይህ ድንጋይ ልጄ ለዋሸሽ ነው። ወታደር ሲያጠፋ የሚጠየቀው አለቃው ነው።»

ኮቱ ትከሻው ላይ ተቀዷል። እኔ በልቤ «ይበሉት እንጂ፣ አንድ ቃል ይበሉት እንጂ» እያልኩ ወደ እትዬ በለጠች አፍ አያለሁ። ያኔ ነው እነዚያ ሰዎች ጋራው ላይ ያባባን አፍ እንዴት እንዳዩት የገባኝ።

«በዛብህ» አሉት። «አንተን ይቅር ያልኩህ በእግርህ መጥተህ፣ በአፍህ ስለነገርከኝ ነው። አባት በልጁ ፋንታ የሚሸከመውን ድንጋይ እኔ አልቀበልም። እዚያው ደጄ ላይ አውርደውና ግባ። ያጠፋው ራሱ መጥቶ ያንሳው።»

አወረደው። ወገቡ እንደጎበጠ ቀረ፣ ቀና ማለት አቃተው። እትዬ በለጠች ክንዱን ይዘው አስገቡት። ያው የዝክሩ ቀን የሚቀመጥበት ቦታ አስቀመጡት፣ ከክፍሉ ፎቶ ሥር። ዳቦ ቆርሰው በእጃቸው አጎረሱትና «ሚካኤል ለት አልጠራሁህም ነበር፤ እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቆሞብኝ ነው የዋለው» አሉት። አባባ አለቀሰ። እናታችን ስትሞት ያላለቀሰው ሰው አፉ ውስጥ ዳቦ እንደያዘ አለቀሰ። አንተ በዚያች ሰዓት ስክሪን ላይ ሆነህ ስለ እሱ ጥንካሬ ታወራ ነበር።

ወንበሩ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው። ሰው ቢስቅብህ አዝናለሁ፤ ወንድሜ ነህና ያመኛል። ግን አልጸጸትም። አባባ የሄደበት ቦታ ከአዳራሽህ ይበልጣል።

ድንጋዩ እዚያው እትዬ በለጠች በር ላይ ነው። መንገዱን ያጠባል፤ የልጅ ልጃቸው ሊያነሳው ሲል «ተወው፣ ባለቤት አለው» ብለው ከልክለውታል። ሰፈርተኛው ሁሉ እየዞረው ያልፋል፤ ማን እንደሚያነሳውም ያውቃል። የመኖሪያ ፈቃድህ ይታደሳል። ሲታደስ ምን እንደምታደርግ እናያለን። እኔ እስከዚያ ቁጣዬን አላወርድም፣ አትለምነኝ።

አባባ ግን አልተቆጣህም። ምን ልጻፍለት ብዬ ጠየቅኩት። «ና በይው» የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱንም አላለኝም። ያለኝን ቃል በቃል ይኸው፦

«ድንጋዩ ከታች በኩል ስለት አለው በይው። እኔ ሳላየው ነው ያነሳሁት። ሲሸከም ትከሻው ላይ ወፍራም ጨርቅ ያድርግ።»

እህትህ እፀገነት